ጥቁሯ ኳስ
በ20ኛ ዓመት የምረቃ መታሰቢያ ዝግጅታችን ላይ የተደረገ ንግግር



የዝግጅት ኮሚቴው ደውሎ «በሃያ ዓመት ሥራ ስለተማርሽው ነገር ሃያ ደቂቃ ተናገሪ» ሲለኝ ለአንድ ዓመት አንድ ደቂቃ ደረሰኝ ማለት ነው ብዬ ተቀበልኩ። ርዕሱን ሲጠይቁኝ «ስለ ስኑከር ነው» አልኩ። ስልኩ ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ «ስለ እናቶች ጤና ትናገሪያለሽ ብለን ነበር እኮ» ተባልኩ። እሱም ይመጣል፤ ታገሱኝ።

እስቲ ከግቢያችን የኋላ በር ፊት ለፊት የነበረውን ፑል ቤት የማያስታውስ ወንድ እጁን ያውጣ። አያችሁ፣ አንድም እጅ የለም! እኛ ሴቶቹ ሌሊት ተነስተን ላይብረሪ ወንበር ስንይዝላችሁ እናንተ እዚያ ነበራችሁ። በዚያ ዘመን ልጅ ፑል ቤት ታየ ማለት በቤተሰብ ዘንድ ትምህርቱን ተወ ማለት ነበር። የአባቶቻችን ትውልድ ደግሞ ከረንቡላ ነበረው፤ ስሙ ራሱ ጣልያን ጣልያን ይሸታል። ስኑከር የእነዚህ ዘመድ ነው፤ ግን ጠረጴዛው ትልቅ፣ ቀዳዳው ጠባብ፣ ትዕግሥቱ ረጅም ነው።

እኔ ከስኑከር ጋር የተዋወቅኩት በእሳተ ገሞራ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ለሦስት ወር ሥልጠና እንግሊዝ አገር፣ ሼፊልድ ከተማ ነበርኩ። ሥልጠናው አልቆ፣ ሻንጣዬን ዘግቼ፣ ለልጄ የገዛሁትን ጫማ ከላይ አስቀምጬ ልነሳ ስል፣ በኤፕሪል አጋማሽ አይስላንድ ውስጥ ስሙን እስከ ዛሬ መጥራት ያቃተኝ ተራራ ፈነዳ። አመዱ ሰማዩን ዘጋው። ለቀናት አውሮፕላን የሚባል አልተነሳም፤ ከተከፈተም በኋላ የኔ ወረፋ የደረሰው ከሳምንት በላይ ቆይቶ ነው።

አከራዬ በብረት ፋብሪካ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው ሽማግሌ ነበሩ። ልጄን ናፍቄ ሳሎን ቁጭ ብዬ ሳለቅስ አዩኝና ሻይ አፍልተው «ነይ፣ ስኑከር እንይ» አሉኝ። የዓለም ሻምፒዮናው ከ1977 ጀምሮ የሚካሄደው እዚያው ሼፊልድ፣ ክሩሲብል በሚባል ቲያትር ቤት ውስጥ ነው። ስሙ የመጣው ከተማዋ ከምትታወቅበት የብረት ሥራ ነው፤ ብረት የሚቀልጥበት ዕቃ ማለት ነው። ከሺህ የማይበልጥ ሰው የሚይዝ፣ ተመልካቹ ጠረጴዛው ላይ የተደፋ የሚመስል ጠባብ ቤት ነው። ሰው ሲስል እንኳ ይሰማል።

ጨዋታውን ያስረዱኝ እሳቸው ናቸው። አሥራ አምስት ቀይ ኳሶች አሉ፤ እያንዳንዳቸው አንድ ነጥብ። ስድስት ባለቀለሞች ደግሞ አሉ፤ ቢጫ 2፣ አረንጓዴ 3፣ ቡናማ 4፣ ሰማያዊ 5፣ ሮዝ 6፣ ጥቁር 7። ቀይ ካስገባህ ባለቀለም ትመታለህ፤ ባለቀለሙ ተመልሶ ይቀመጣል፤ እንደገና ቀይ። ቀዮቹ ሲያልቁ ባለቀለሞቹ በተራ ይገባሉ፤ ጥቁሯ የመጨረሻ ናት። አንድ ሰው ሳይስት፣ በየቀዩ መሀል ጥቁሯን እያስገባ ከጨረሰ 147 ነጥብ ያገኛል። ከሁሉም ልቤን የነካው ግን ሌላ ነገር ነው። ባለጋራህ ሲጫወት አንተ ወንበርህ ላይ ቁጭ ብለህ ታያለህ እንጂ ምንም ማድረግ አትችልም። ስትስት ትቀመጣለህ። ያጠፋኸውን ሌላው እንዴት እንደሚጠቀምበት እያየህ ተራህን ትጠብቃለህ።

በዚያ ሰሞን ሁሉም የሚያወራው ስለ አንድ ሰው ነበር፤ ስቲቭ ዴቪስ። ዕድሜው 52 ነው። ማጣሪያ ተጫውቶ ነው የገባው። በሁለተኛው ዙር የገጠመው ያለፈውን ዓመት ሻምፒዮን ጆን ሂጊንስን ነበር። አከራዬ «ይሄ ሰውዬ ይሸነፋል፤ ግን አለማየት ነውር ነው» አሉኝ። ዴቪስ 13 ለ 11 አሸነፈ። ሽማግሌው ከሶፋቸው ተነስተው አጨበጨቡ። ከሳምንት በላይ አብሬያቸው ስኖር ሲነሱ ድጋፍ ሳይዙ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ይህ ሰው ማነው? ብዬ ጠየቅኩ። ታሪኩን ልንገራችሁ።

ስቲቭ ዴቪስ በ1957 ለንደን ውስጥ ተወለደ። ጨዋታውን ያስተማረው ቢል የሚባለው አባቱ ነው፤ በልጅነቱ ወደ ሠራተኞች ክበብ ይዞት እየሄደ። ጆ ዴቪስ የሚባል፣ የዝምድና ሳይሆን የስም መገጣጠም ያለው፣ 15 ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነ የድሮ ተጫዋች ስለ አጨዋወት የጻፈው መጽሐፍ ነበር። አባትና ልጅ ያንን መጽሐፍ እንደ ዳዊት ደጋገሙት። አቋቋም፣ የእጅ አያያዝ፣ የስቲክ አገፋፍ፣ ሁሉንም ከመጽሐፉ። ባሪ ኸርን የሚባል ሥራ አስኪያጅ አገኘ፤ በ1978 ፕሮፌሽናል ሆነ። በ1980 የእንግሊዝን ሻምፒዮና፣ በ1981 የዓለምን ወሰደ።

በጃንዋሪ 1982 ደግሞ በቴሌቪዥን ውድድር ላይ የመጀመሪያውን 147 አስመዘገበ። ሽልማቱ ምን ይመስላችኋል? ላዳ! አዎ፣ ያቺው እኛ ከመርካቶ ፒያሳ እየተጨናነቅን የሄድንባት ላዳ። ስፖንሰሩ ላዳ ነበር። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። የዓለም ሻምፒዮኑም እንደኛ ላዳ ውስጥ ገባ ማለት ነው።

በዚያው ዓመት የዓለም ሻምፒዮናው ላይ ገና በመጀመሪያው ዙር 10 ለ 1 ተሸነፈ። በ1983 እና በ1984 ተመልሶ ዋንጫውን ወሰደ። ሰባት ተከታታይ የውድድር ዘመን የዓለም ቁጥር አንድ ሆኖ ቆየ። አይሳሳትም፣ አይስቅም፣ አይናደድም። እንግሊዞች የሚያሸንፍ ሰው ብዙም አይወዱም መሰለኝ፤ በአሻንጉሊት የሚያላግጥ የቴሌቪዥን ዝግጅት ደባሪ ሰው አድርጎ እያሳየ መሳቂያ አደረገው። ክፍላችን ውስጥ ሁሉንም ፈተና «ኤ» የሚያመጣ፣ ሃንድአውት የማያውስ ልጅ አልነበረም? እሱን አስቡት። (አንተ አይደለህም፤ አንተ ታውስ ነበር።)

አሁን ወደ 1985 ልውሰዳችሁ። የፍጻሜው ጨዋታ ነው፤ ቀድሞ 18 ፍሬም ያሸነፈ ይወስዳል። ባለጋራው ዴኒስ ቴይለር የሚባል የሰሜን አየርላንድ ሰው ነው፤ ለጨዋታው ተብሎ የተሠራ፣ የተገለበጠ የሚመስል ትልቅ መነጽር ያደርጋል። እናቱ ከሞቱ ገና ወራት ነበር። ዴቪስ 8 ለ 0 መራ። ሰው ሁሉ አለቀ አለ። ቴይለር ግን አንድ በአንድ እየለቀመ መጣ። 17 ለ 15 ሆነ። ከዚያ 17 ለ 17።

የመጨረሻው ፍሬም ብቻውን 68 ደቂቃ ፈጀ። ሌሊቱ ተጋምሷል፤ 18.5 ሚሊዮን ሰው እንቅልፉን ትቶ በቴሌቪዥን ያያል። ዴቪስ 62 ለ 44 እየመራ አራት ኳስ ቀረ፤ ቡናማ፣ ሰማያዊ፣ ሮዝ፣ ጥቁር። ሒሳቡን ሥሩት፤ ቴይለር አንዷንም ሳያስቀር አራቱንም ማግባት አለበት። ቡናማዋን አስገባ። ሰማያዊዋን አስገባ። ሮዟን አስገባ። 62 ለ 59። ጥቁሯን ያስገባ የዓለም ሻምፒዮን ነው።

ሁለቱም ሞከሩ፤ ሁለቱም ሳቱ። በመጨረሻ ለዴቪስ ዕድል መጣለት። ቀጭን አመታት ነው፤ ቀላል አይደለም፤ ግን እሱ በልምምድ ሺህ ጊዜ ያስገባው ዓይነት ነው። ከሚገባው በላይ አቀጥኖ መታት። ጥቁሯ ቀዳዳውን ሳተችና ለቴይለር ተመቻችታ ቆመች። ቴይለር አስገባት። በሁለት ቀን ጨዋታ ውስጥ ቴይለር ለአንዲት ደቂቃ እንኳ መርቶ አያውቅም ነበር፤ የመራው ሲያሸንፍ ነው።

ቴይለር ስቲኩን በሁለት እጁ ከራሱ በላይ አንስቶ ሲጨፍር ዴቪስ ወንበሩ ጋ ነበር። ወዲያው ማይክራፎን አቀረቡለት። የሚመልሰው አጭር አጭር ነበር። ፊቱን አይቼዋለሁ። ያንን ፊት አውቀዋለሁ።

ጓደኞቼ፣ አሁን የኔን ልንገራችሁ።

ከሁለት ዓመት በፊት አንዲት እናት በእጄ ላይ ሞተችብኝ። ስሟንም፣ ቦታውንም አልጠራም። የመጀመሪያ ልጇን የወለደች ወጣት ነበረች። ከወሊድ በኋላ ደሟ አልቆም አለ። እዚህ ያላችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ፤ በዓለም ላይ ከሁሉ በላይ እናቶችን የሚገድለው ይኸው የደም መፍሰስ ነው። መድኃኒቱን ሰጠን፣ ማህፀኑን አሸን፣ ባሉን አስገባን፣ ከዚያ ኦር ገብተን ከፈትን፣ ሰፋን። ማህፀኗን ማውጣት እንዳለብኝ አእምሮዬ ያውቀው ነበር። ግን ልጅ ናት፤ ገና መውለድዋ ነው፤ ነገ ባሏ ቢጠይቀኝ ምን እላለሁ፣ አልኩ። ትንሽ ጠበቅኩ። ስንት ደቂቃ እንደጠበቅኩ በመዝገቡ ላይ አለ፤ እኔም በልቤ አለኝ። ስወስን ዘግይቼ ነበር።

በነጋታው ባሏ በሩ ላይ ሕፃኑን አቅፎ «ዶክተር፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ለፍተሽላታል» አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆንኩትን ለማንም አልተናገርኩም። እንዲህ ነበርኩ፤ ለሦስት ሳምንት ኦር ላለመግባት ምክንያት ፈለግኩ። ስብሰባ፣ ሪፖርት፣ ራስ ምታት። ስገባ ደግሞ ተገላቢጦሽ ሆንኩ፤ ጥቂት ደም ባየሁ ቁጥር ቸኮልኩ። በፊት መዘግየቴ የገደለ መስሎኝ አሁን መቸኮሌ ሊያጠፋ ሆነ። የሥራ መልቀቂያ ጽፌ ቦርሳዬ ውስጥ አስቀመጥኩ።

አንድ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ያንን የ1985ቱን ጨዋታ ፈልጌ ማየት ጀመርኩ። ሁሉም ሰው የሚያየው የመጨረሻዋን ጥቁር ኳስ ነው። እኔ ከመጀመሪያው ጀምሬ አየሁ። ጨዋታው የተበላሸው በመጨረሻዋ ኳስ ብቻ እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ። 8 ለ 0 ከነበረበት ጀምሮ እዚህም እዚያም ትንንሽ ነገር አምልጧል። ጥቁሯ የሁሉም ድምር ናት።

የእናቶች ሞት ግምገማው ላይ የወጣውም ይኸው ነው። በተማሪነታችን ሦስቱን መዘግየቶች ሸምድደናል፤ ለመሄድ በመወሰን፣ ተቋም ለመድረስ፣ ደርሶ ሕክምና ለማግኘት። ልጅቷ ከቤት ስትነሳ ዘግይታለች። መንገድ ላይ ዘግይታለች። ደም እስኪመጣ ዘግይቷል። እኔ የመጨረሻዋ ነኝ። ግምገማው ይህን ሲያነብ የእፎይታ ስሜት ሊሰማኝ ይገባ ነበር፤ አልተሰማኝም። ምክንያቱም የሌሎቹ መዘግየት የኔን አይፍቀውም። ግን አንድ ነገር አደረገልኝ፤ የኔን ድርሻ በልኩ አሳየኝ። ከልኩ በላይ ስሸከመው የነበረው ሐዘን መሆኑ ቀርቶ ትዕቢት ሆኖ ነበር። ብቻዬን የገደልኳት ያህል ማሰብ፣ ብቻዬን ላድናት እችል ነበር ብሎ ማሰብ ነው።

ዴቪስስ ምን ሆነ? በ1986 እንደገና ለፍጻሜ ደረሰ፤ ማንም ባልገመተው በጆ ጆንሰን ተሸነፈ። ሁለት ዓመት በተከታታይ ፍጻሜ ላይ መውደቅ! «ልቡ ተሰብሯል» ተባለ። በ1987 እዚያው ቲያትር ቤት፣ በፍጻሜው ራሱን ጆንሰንን ገጥሞ 18 ለ 14 አሸነፈ። በ1988 ደገመ። በ1989 ፍጻሜውን 18 ለ 3 ጨረሰ። ስድስት የዓለም ዋንጫ። ሦስቱ የመጡት ከጥቁሯ ኳስ በኋላ ነው።

በዚያ በ2010 ደግሞ፣ እኔ ወደ አገሬ ከተመለስኩ በኋላ፣ ዴቪስና ቴይለር 25ኛ ዓመቱን ምክንያት አድርገው እዚያው ክሩሲብል ላይ የመጨረሻውን ፍሬም እየቀለዱ ደግመው ተጫወቱት። አከራዬ በደብዳቤ ነው የነገሩኝ። በሕይወቱ ከሁሉ የከፋችውን ምት በሰው ፊት ቆሞ እየሳቀ ደገማት።

ይህን የምነግራችሁ «ተነሱ፣ ታሸንፋላችሁ» ልላችሁ አይደለም። የኳስ ነገርና የሰው ነፍስ አንድ አይደለም። ጥቁሯ ኳስ ተመልሳ ጠረጴዛው ላይ ትቀመጣለች። እሷ አልተመለሰችም። እኔ በዚያች ሌሊት ላይ የምስቅበት ቀን አይመጣም፤ መምጣትም የለበትም። ከዴቪስ የወሰድኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ተራው ሲደርስ ከወንበሩ ተነሳ።

እኔን ከወንበሩ ያስነሱኝ አንድ መምህራችን ናቸው። ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አሉ፤ ስሜን እንዳትጠሪ ብለው አስጠንቅቀውኛል። ወሬውን ሰምተው ደወሉልኝ። አላጽናኑኝም። «ነገ ጠዋት የመጀመሪያው ኬዝ ያንቺ ነው። እኔ ረዳትሽ ሆኜ እቆማለሁ» አሉኝ። አስቡት፤ ቢላ አያያዝ ያስተማሩኝ ሰው የኔ ረዳት! ማለዳ መጥተው ስክራብ አድርገው ከፊቴ ቆሙ። ቀላል ኬዝ ነበር። እጄ ተንቀጠቀጠ። አዩት። ምንም አላሉም፤ ክር ቆረጡልኝ። ስንጨርስ «ደህና ነሽ፤ አትቸኩዪ፣ አትዘግዪ» ብለው ሄዱ። ቤት ገብቼ ደብዳቤውን ከቦርሳዬ አውጥቼ ቀደድኩት።

ስለ እጅ መንቀጥቀጥ ካነሳሁ፣ በስኑከርም ታሪክ አለው። ቢል ወርበኒክ የሚባል ካናዳዊ ተጫዋች ነበር። እጁ የሚንቀጠቀጥ በሽታ ነበረበት፤ መንቀጥቀጡን ለማብረድ በየጨዋታው የሚጠጣው ቢራ ለጉድ ነበር። በኋላ ሐኪም ፕሮፕራኖሎል አዘዘለት፤ መድኃኒቱ በስፖርቱ ታገደና የሙያ ዘመኑ በዚያው አከተመ። ስቲፈን ሄንድሪ ደግሞ አለ፤ ዴቪስን ከዙፋኑ ያወረደው፣ ሰባት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ስኮትላንዳዊ። ስቲኩን ቀጥ አድርጎ መግፋት እየተሳነው፣ እጁ አልታዘዝ እያለው ለዓመታት እንደተቸገረ ራሱ ተናግሯል። በ2012 በዚያው ሻምፒዮና 147 ካስመዘገበ በኋላ በሩብ ፍጻሜ 13 ለ 2 ተሸነፈና ወዲያው አቆምኩ አለ። ዕድሜው 43 ነበር። እኛ አሁን የምንገኝበት ዕድሜ ማለት ነው። ስንቶቻችን ዛሬ የምግቡን ዝርዝር ለማንበብ ወረቀቱን እንዳራቅን አይቻለሁ።

ዴቪስ ግን አላቆመም። የመጨረሻውን የደረጃ ዋንጫ በ1995 ወሰደ። በ1997 በማስተርስ ፍጻሜ ሮኒ ኦሱሊቫንን 8 ለ 4 ከመመራት ተነስቶ 10 ለ 8 አሸነፈ። ከዚያ በኋላ ቁልቁለት ነው። ከ16ቱ ምርጦች ወጣ። የዓለም ሻምፒዮን የነበረ ሰው፣ ተመልካች በሌለበት አዳራሽ ከልጁ ከሚያንሱ ልጆች ጋር ማጣሪያ ይጫወት ጀመር። ይሸነፋል፤ ይመለሳል። ዋንጫ እንደማይመጣ እያወቀ ጨዋታውን ስለወደደ ብቻ ተጫወተ። ያ «ደባሪ» የተባለው ሰው በጣም የተወደደው ያኔ ነው።

መጀመሪያ ሳነበው ይህ ለኛም ጥሩ ምሳሌ መስሎኝ ነበር። ሳስበው ግን እዚህ ላይ ዴቪስ አይበቃንም። ስኑከር ተጫዋች ጊዜው ካለፈ በኋላ ቢጫወት የሚሸነፈው ራሱ ነው። እኛ ጊዜያችን ካለፈ በኋላ ብንቆይ የሚሸነፈው አልጋው ላይ ያለው ሰው ነው። ሥራዬን እወዳለሁ ማለት ብቻውን ኦር ውስጥ ለመቆየት ፈቃድ አይሆንም። እጃችን፣ ዓይናችን፣ ትዝታችን አንድ ቀን ይከዱናል። መጀመሪያ የምናውቀው ደግሞ እኛ አይደለንም፤ ነርሷ ናት፣ ሬዚደንቱ ነው፣ አብሮን የሚሠራው ባልደረባችን ነው። እነሱ ደግሞ ያከብሩናልና አይነግሩንም።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ ይዤ መጥቻለሁ። የክፍላችን የቴሌግራም ግሩፕ አለን፤ ሠርግ፣ ልደት፣ ለቅሶ፣ የሹመት እንኳን ደስ አለሽ እንለጥፍበታለን። ክፉ ሌሊታችንን ግን አንድም ቀን አንስተን አናውቅም። ይለጠፍ አልልም፤ የታካሚ ምስጢር ነው። የምለው እያንዳንዳችን ዛሬ ከዚህ አዳራሽ ሳንወጣ አንድ ሰው እንምረጥ። ከክፍላችን አንድ ሰው። ለዚያ ሰው ሁለት ነገር እንፍቀድለት።

አንደኛው፣ ታካሚ በሞተብን ማግስት እንድንደውልለት፤ እኛ ካልደወልንም ወሬውን ሰምቶ እሱ እንዲደውል። መጥቶ «ያንተ ጥፋት አይደለም» እንዲለን አይደለም፤ ምናልባት ጥፋታችን ሊሆን ይችላላ! ድርሻችንን በልኩ እንድናየው እንዲረዳንና «ተራሽ ደርሷል፣ ተነሺ» እንዲለን ነው።

ሁለተኛው የዛሬ አሥር ወይም ሃያ ዓመት የሚመጣ ነው። ያው ሰው አንድ ቀን መጥቶ «ይበቃሻል» እንዲለን። ያን ቀን እንዳንቀየመው ዛሬ ቃል እንግባለት። «ተነሺ» ያለን ሰው ነው «ይበቃሻል» ለማለት መብት ያለው። ሌላ ሰው ቢለን ምቀኛ ነው እንላለን፤ እንተዋወቃለን!

እኔ መርጫለሁ። እሷም ታውቃለች፤ እዚያ ጥግ መነጽሯን እየወለወለች ነው።

ዴቪስ ያቆመበትን ነግሬያችሁ ልቀመጥ። በ2016 ዕድሜው 58 ሆኖ አንድ ማጣሪያ ተጫወተ፤ 10 ለ 4 ተሸነፈ። ከቀናት በኋላ በቴሌቪዥን ቀርቦ የመጨረሻዬ ነበር አለ። ዋንጫውን ይዞ ክሩሲብል ውስጥ ብቅ ሲል ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበለት። ለማቆሙ የሰጠው ምክንያት የእጁ መንቀጥቀጥ ወይም የዓይኑ መድከም አልነበረም። በዚያ ዓመት አባቱ ሞተውበት ነበር። ያ በመጽሐፉ ያስተማሩት፣ በየውድድሩ የተከታተሉት አባቱ ሲሄዱ መጫወቱም አበቃ። ከመጀመሪያውም የሁለት ሰው ጨዋታ ነበር ማለት ነው።

እኛም ብቻችንን አልተጫወትንም። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ባዶ ወንበሮች አሉ፤ ያስተማሩን፣ አብረውን ዱቲ ያደሩ፣ ዛሬ በሕይወት የሌሉ። ነፍሳቸውን ይማርልን። ላላችሁት መምህሮቻችን ደግሞ ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ክር የሚቆርጥልን ሰው አያሳጣን።

ሃያ ደቂቃዬ አልቋል። ራቱ ሳይቀዘቅዝ ተነሱ። ወንዶቹ ግን ከራት በኋላ ፑል ቤት እንዳትጠፉ፤ ዛሬ እኛም እንመጣለን።